አባባ አንዴ «አይ» ሲሉ፦ ከሮም እስከ አምስተርዳም በአውቶቡስ

መነሻ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንነሳ ሁለት ነበርን፤ እኔና የባለቤቴ አባት አቶ ጌታሁን። እኔ አባባ ነው የምላቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከሮም ተነስቶ አራት አገር አቋርጦ አምስተርዳም ላይ የሚያበቃ የዘጠኝ ቀን የአውቶቡስ ጉብኝት ቡክ አድርጌ ይዣቸው መሄዴ ነው። ለጎረቤት ሽርሽር ነው አልን እንጂ እውነቱን ለመናገር ፈተና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው፤ የሚያስቀድሱት ግን ሌላ ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እሑድ እሑድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣጥፈው ብቻቸውን ይወጡና ቀዩን የሜትሮ ባቡር መስመር ይይዛሉ፣ መሃል ከተማ ላይ ወርደው ወደ ቢጫው ይዛወራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሄዱ ተሳስተው አያውቁም። ባለፈው ሚያዝያ ግን የማይሆን ባቡር ላይ ወጥተው ፎልስ ቸርች የሚባል ከተማ ደረሱ። ስልክ አልያዙም። እኛ አራት ሰዓት ሙሉ በየጣቢያው ስንራወጥ፣ እሳቸው አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት አግኝተው ከባለቤቱ ጋር ሲጫወቱ ቆይተዋል። ባለቤቴ ዳንኤል ከዚያን ቀን ወዲህ ብቻቸውን ከቤት መውጣት የለም አለ። ጀርመንታውን የምትኖረው እህቱ ሂሩት ደግሞ ባሰች፤ የአረጋውያን ቀን መዋያ ፎርም አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። አባባ ፎርሙን አገላብጠው አዩትና ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

እኔ ደግሞ ይሄ ነገር ጭራሽ አልዋጥልሽ አለኝ። እኚህ ሰውዬ እኮ ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ ኤንትሬ በሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ተሳቢ እየጎተቱ የተመላለሱ ናቸው። አንድ ቀን ባቡር ተሳሳቱ ተብሎ ቤት ይዋሉ? ስለዚህ ለሁለቱም ልጆቻቸው ቃል ሰጠሁ፦ ዘጠኝ ቀን ከእኔ ጋር ይክረሙ፤ ካልጠፉና አቅም ካላነሳቸው ወደ ሜትሯቸው ይመለሳሉ፤ ከጠፉ ግን ፎርሙን ራሴ እፈርማለሁ አልኩ። ሂሩት በየቀኑ ማታ ሁኔታቸውን ቴክስት እንዳደርግላት አስማለችኝ። ይህን ሁሉ ስንነጋገር አባባ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዜና ያያሉ። የሰሙን አልመሰለኝም።

በቤታችን የጉዞ አዋቂ እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኤርፖርት ቼክ-ኢን ላይ ሠርቻለሁ። ሻንጣ አይቼ ኪሎውን እናገራለሁ። መንገደኛውን መስኮት ነው ወይስ መተላለፊያ ብዬ አንዴ እጠይቃለሁ፣ ይመልስልኛል፣ ቀጣይ እላለሁ። ይቺን ጠባዬን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ሮም፣ አንደኛና ሁለተኛ ቀን

አስጎብኛችን ክላራ የምትባል ኦስትሪያዊት ናት፤ ሹፌራችን ማርኮ፣ ፀጉሩ የሸበተ ጣሊያናዊ። ክላራ ገና አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ሕጓን ነገረችን። አንደኛ፣ ወንበር በየቀኑ ይዞራል፤ ዛሬ ኋላ የተቀመጠ በተራው ፊት ይደርሰዋል። ሁለተኛ፣ የዘገየ ሰው አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ታክሲ ይምጣ። ሁለተኛውን ስሰማ አባባን በጎን አየኋቸው። እሳቸው ግን ልባቸው ሌላ ጋ ነበር። ተራራውን የምንሻገረው በስንተኛው ቀን ነው ብለው ጠየቁኝ። በአምስተኛው አልኳቸው። ወንበሮቹን ከኋላ ወደ ፊት በጣታቸው ቆጠሩ።

ከመሳፈራቸው በፊትም አውቶቡሱን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረውት ነበር። ጎማውን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉት። ማርኮ አያቸውና ሳቀ። አባባ «ጎማ» አሉ፤ ማርኮም «ጎማ» አለ። «ፍሬን» አሉ፤ «ፍሬኖ» አለ። «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ኩሽኔታ»… እንዲህ እንዲህ እያሉ መኪናውን ከላይ እስከ ታች ተነጋገሩበት። ጋራዥ ውስጥ የምንጠቀምበት ቃል አብዛኛው የጣሊያን መሆኑን አውቅ ነበር፤ ሁለት ሰው ወዳጅ እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አንድ ላይ ጎማ ሳያዩ አንነሳም።

ዓርብ ጾም ስለሆነ ምሳ በቲማቲም ብቻ የተሠራ ፓስታ አዘዝኩላቸው፤ አሥራ አንድ ዩሮ። እንዴት ነው አባባ ስላቸው ጥሩ ነው አሉ። ሳህኑን ጨረሱት። እኔ የራሴን ስቀምሰው ልቡ ያልበሰለ፣ ጥርስ የሚይዝ ፓስታ ነው። እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚወደደው። እሳቸው ግን እኔ እንዳላፍር ብለው ነው የዋጡት። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ አልነቃሁም።

ቅዳሜ ወደ ትልቁ ባዚሊካ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጉልላቱ ላይ መውጣት ይቻላል፤ እኩሌታውን በአሳንሰር፣ የቀረውን በእግር። አባባ ይወጣሉ? አልኳቸው። አይ፣ እናንተ ውጡ፣ እኔ እዚህ እቆያለሁ አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሮም ከላይ ስትታይ ልብ ትሰርቃለች፤ ቀይ ጣሪያ ብቻ፣ ዓይን እስኪደክም። ስወርድ አባባ ዓምዱን ተደግፈው ሽቅብ ጉልላቱን ሲያዩ አገኘኋቸው። ቡድናችን ውስጥ ያሉትን ሰዎች ወርደው እስኪያልቁ አንድ በአንድ ቆጥረዋቸው ነበር።

ፍሎረንስና ቬኒስ

ፍሎረንስ የደረስነው እሑድ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ወፍራም ግንብ፣ በየማዕዘኑ ቆዳ ቤት። ለቀበቶ መቶ ሃያ ዩሮ ብሎ የጀመረኝን ነጋዴ በአርባ አምስት ጨረስኩት፤ የመርካቶ ልጅ መሆኔን ሳይጠረጥር አልቀረም። አይስክሬም ልግዛልዎት ብዬ አባባን ጠየቅኩ፣ በቃኝ አሉ፣ ለራሴ ገዝቼ በላሁ።

ቬኒስ ላይማ ራሴን ታዘብኩት፤ አሁን ነው ታዲያ፣ ያኔ አይደለም። ውሃው ላይ የሚያንሸራሽረውን ቀጭን ጀልባ ክላራ ለስድስት ስድስት ሰው ተከራየችልን። አባባ ይመጣሉ? አይ፣ እናንተ ሂዱ። እኔ ከኦሃዮ ከመጣችው ከፓትሪሺያና ከባሏ ጋር ገባሁና ግማሽ ሰዓት ፎቶ ስነሳ ቆየሁ። ፓትሪሺያ ሰባ ዓመት የሞላት፣ ደግና ወሬ የምትወድ ሴትዮ ናት። አማትሽ አይወዱም እንዴ ውሃ? አለችኝ። አይወዱም አልኳት። ማን ነገረኝ? ማንም።

ያን ቀን ማታ ለሂሩት ስጽፍላት «ደህና ናቸው፤ ትንሽ ደክሟቸዋል መሰለኝ፣ ብዙ ነገር ላይ አይገቡም» አልኩ። ወዲያው መለሰች። «አላልኩም?» የሚል ብቻ ነበር። ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት። ከእኔ በላይ ለእሳቸው የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ አሁን በገዛ እጄ ማስረጃ እያቀበልኩ ነው።

ብሬነር፣ አምስተኛ ቀን

ማክሰኞ ማለዳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጣሊያንን ለቀን በብሬነር ተራራ አልፈን ኦስትሪያ የምንገባበት ቀን ነው። የፊተኛው ወንበርም በዚያ ቀን ለእኛ ደረሰን፤ ከማርኮ ጀርባ፣ ሙሉ መስታወት ያለው። አባባ ክራቫት አስረው ወረዱ። ምን ተገኘ ብዬ ቀለድኩባቸው፤ ፈገግ አሉ።

ልንሳፈር ስንል ፓትሪሺያ ተራራ ላይ ያጥወለውለኛል ብላ ክላራን ስትማጸን ሰማኋት። ክላራ ወደ እኔ መጣች። እኔም ወደ አባባ ዞርኩና፣ አባባ ወንበራችንን ብንለቅላትስ አልኳቸው። «ይሁን፣ ትቀመጥ፤ ሴት ናት» አሉ። እኔም አመስግኜ ፓትሪሺያንና ባሏን ፊት አስቀመጥኩና አባባን ይዤ ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ወንበር ሄድኩ። ሁለት ወንበር ነበር እኮ። የራሴን ብቻ ብለቅላት ምን ነበረበት? አላሰብኩትም። ተጠየቀ፣ ተመለሰ፣ ቀጣይ።

መንገዱ ጉድ ነው። ሸለቆውን በድልድይ እየዘለለ፣ ተራራውን በዋሻ እየበሳ ይወጣል። ከታች የወይን ተክል፣ ከፍ ሲል የፖም፣ ከዚያ ጥድ፣ ከዚያ በረዶ። አባባ በወንበሮቹ መሃል አንገታቸውን አስግገው የማርኮን ትከሻ ያያሉ። ማርኮ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእሳቸውም ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። ይህን አይቻለሁ። አይቼም ስልኬን ነካካሁ።

ጫፉ አካባቢ ያለ ማረፊያ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ቆምን፤ ሹፌር ይህን ያህል ማረፍ ግዴታው ነው። መጸዳጃ ቤቱ ሳንቲም ይጠይቃል፤ አባባ ለዚህም ይከፈላል ብለው ተደነቁ። በር ላይ ሳንቲሙን ሰጥቻቸው ገባሁ። ስወጣ የሉም። ቡና ሊጠጡ ሄደው ይሆናል ብዬ ተረጋግቼ ሱቁን አየሁ። የሉም። ካፌው ውስጥ የሉም። የወንዶቹን መጸዳጃ ዳንኤል የሚያክል ሰውዬ ለምኜ አስፈተሽኩ። የሉም። ስልካቸው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሰዓቱ ሞላ። ሰዉ ሁሉ ተሳፍሮ በመስኮት ያየኛል። ክላራ ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሱ ጠየቀችኝ፤ ክራቫት አስረዋል ከማለት በቀር ምንም ትዝ አልል አለኝ። መኪናው እንደ ጎርፍ የሚወርድበት አውራ ጎዳና አጠገባችን ነው። ፎርሙ መጣብኝ፣ የሂሩት ፊት መጣብኝ። ከሁሉ በላይ እኚያን ሽማግሌ እዚያ ሶፋ ላይ እስከ መጨረሻው ያስቀመጥኳቸው እኔ መሆኔ ታየኝና እንባዬ መጣ። አምስት ደቂቃው አለፈ። ክላራ ሰዓቷን አይታ ወደ አውቶቡሱ አልሄደችም፤ ከጎኔ ቆመች።

መልሱን ያገኘው ማርኮ ነው። ትከሻዬን ነካ አድርጎ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ወዳለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ጠቆመኝ። ሮጥን። ሰላሳ አርባ ተሳቢ ተደርድሯል። አንዱ ሰማያዊ መኪና ላይ፣ መሪው ጀርባ፣ አባባ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ቁጭ ብለዋል። ሞተሩ ጠፍቷል። አጠገባቸው ከደቡብ ጣሊያን የመጣ ወፍራም ሹፌር ተቀምጦ በወረቀት ኩባያ ቡና ይዟል። አንዱ የራሱን አገር መንገድ፣ ሌላው የአሰብን ቁልቁለት በእጁ እያሳየ ያወራሉ።

አፌን የከፈትኩት እንደ ምራት አልነበረም፤ ሕፃን እንደጠፋበት ሰው ጮህኩባቸው። ምን ሆነው ነው፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ፣ ልጆችዎ ምን ይሉኛል፣ ሁለተኛ ከአጠገቤ እንዳይርቁ አልኩ። ቀስ ብለው ወረዱ። ሹፌሩን ጨብጠው አመሰገኑ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ቆባቸውን አውልቀው ለሰዉ ሁሉ ጎንበስ አሉ። ሰዉ አጨበጨበላቸው። እኔ ግን አላጨበጨብኩም።

ኢንስብሩክ ስንቃረብ ወሬውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ሰብለ፣ ማስደንገጤ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ትጠይቂኛለሽ፣ አይ ስልሽ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ።»

«አይ ካሉኝ ምን ላድርግ አባባ?»

«በሞቴ እንኳን አላልሽኝም እኮ።»

አንጀቴን በላው። በሞቴ! እናቴ ቤት እንግዳ መጥቶ መጀመሪያ ሲቀርብለት እሺ ብሎ የበላ ማን አለ? አንዴ በቃኝ ይላል፣ ሁለቴ በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፣ በሞቴ ሲባል ነው እጁን የሚዘረጋው። ይህን ጡት ሳልጥል የማውቀው ነገር ነው። ቼክ-ኢን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የት ጣልኩት?

ጉልላቱ ላይ መውጣት ፈልገው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አዎ አሉ። ጀልባውስ? እሱንም። ታዲያ ለምን አንዴ እሺ አላሉም ስላቸው መስኮቱን እያዩ መለሱ።

«እሺ ብዬ ብወድቅስ? ማታ ማታ ለሂሩት እንደምትጽፊ አውቃለሁ። አንቺ ከለመንሽኝ ግን ብወድቅም ከአንቺ ጋር ነው የምወድቀው።»

ሰምተውናል ማለት ነው። ያን ዕለት፣ ዜና እያዩ፣ ሁሉንም። እጃቸውን ያዝኩ። ያን ማታ ለሂሩት የጻፍኩላት አንድ መስመር ነው፦ ደክሟቸዋል ያልኩት ስህተቴ ነው፣ ስንመጣ አስረዳችኋለሁ።

ከኢንስብሩክ እስከ አምስተርዳም

ከዚያ በኋላ ጉዞው ሌላ ሆነ። ረቡዕ በሙኒክ አልፈን ሃይድልበርግ ገባን፤ ወንዝ ዳር ያለች፣ ኮረብታዋ ላይ ግማሹ የፈረሰ ቀይ ቤተ መንግሥት የተቀመጠባት ከተማ ናት። አባባ እንውጣ? አልኳቸው። አይ፣ አንቺ ሂጂ። ይምጡ እንጂ። ኧረ ጉልበቴ። በሞቴ አባባ! «ካልሽ እሺ» አሉና ከእኔ ቀድመው ኮረብታው ላይ የሚያወጣው የገመድ ባቡር ሰልፍ ላይ ቆሙ። ፍርስራሹን አንድ ሰዓት ተዘዋወሩበት፤ ግንቡ በምን እንደተገነባ ክላራን ጠይቀው አደከሟት። ምሳ ድንችና ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ በላን፤ ዘጠኝ ዩሮ፣ የረቡዕ ጾምም አልተነካ።

ሐሙስ በራይን ወንዝ በመርከብ ስንሄድ ላይኛው ፎቅ ይበርዳል ተብሎ ሁሉ ታች ቀረ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው፣ በሦስተኛው ወጣን። ፓትሪሺያ ይህን ስታይ ከርማ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በነጋታው ብስኩት ይዛ መጥታ አባባን ሦስት ጊዜ ለመነቻቸው፤ ሦስተኛው ላይ ወስደው መረቋት።

ታዲያ ሁልጊዜ እሺ ይላሉ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ሐሙስ ማታ አምስተርዳም ስንደርስ መንገድ ዳር በሽንኩርት የሚበላ ጥሬ ዓሣ ይሸጣል። እኔ በላሁ፤ አምስት ዩሮ፣ ይጣፍጣል። አባባ ይቅመሱ አልኩ፣ አይ። ትንሽ ብቻ፣ አይ። በሞቴ፣ አይ። አራተኛ ስጀምር «ሰብለ፣ ይሄኛው አይ ነው» አሉኝ። እኔም የቀረውን ዓሣዬን ብቻዬን ጨረስኩ።

ዓርብ ስንሰነባበት ማርኮ አባባን ወደ አውቶቡሱ ጠርቶ የሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ፎቶ አነሳቸው። ይህንንም ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው ነበር፤ ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ ማርኮ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቃቸው።

ቤት

ቅዳሜ ዳንኤል ከኤርፖርት ወሰደን። ቤት ስንገባ ሂሩት ከጀርመንታውን መጥታ እየጠበቀችን ነበር። ፎርሙም አለ። አባቷን ሳመች፣ ቀሚስ ነው ቦርሳ ነው የመጣላትን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጠፍተው ነበር ወይስ አልጠፉም አለችኝ። አፌን ልከፍት ስል አባባ ቀደሙኝ።

«ጠፍቻለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ። የከባድ መኪና ማቆሚያ ነበርኩ። እኔ የት እንዳለሁ አውቅ ነበር፤ ለሰብለ አለመናገሬ ነው ጥፋቱ።»

እኔም የቀረውን ተናገርኩ፦ ጉልላቱን፣ ጀልባውን፣ የፊተኛውን ወንበር፣ ደክሟቸዋል ብዬ የጻፍኩትን ውሸት። ስጨርስ ዳንኤል ፎርሙን እያየ፣ አባባን እዚያ መሄድ ይፈልጋሉ ወይ ብለን የጠየቅናቸው መቼ ይሆን አለ። ሂሩት አንዴም አልጠየቅንም አለች። ያን ማታ ሌላ ነገር አልተወሰነም።

በነጋታው እሑድ ነው። አባባ ገና ሳይነጋ ተነስተው ነጠላቸውን አጣጥፈው ሳሎን ቆሙ። እኛ ጋ ያደረችው ሂሩት ሳትቀር ሁላችንም ነቅተናል። ዳንኤል በመኪና ላድርስዎት አላቸው። አይ አሉ። ሂሩት እኔ ልውሰድዎት አለች። አይ አሉ። ሁለቱም እኔን አዩኝ። በሞቴ አባባ፣ በመኪና እንሂድ አልኳቸው፣ ከልቤ ነው የለመንኳቸው። ቆባቸውን አስተካከሉና አይ አሉ። ዳንኤል የመኪናውን ቁልፍ መስቀያው ላይ መለሰው። ሂሩት ፎርሙን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ አስገባሁላቸው፤ ይህንን አንዴ እንኳን አልጠየቅኳቸውም። ከበር እስከ መንገዱ መታጠፊያ በዓይናችን ሸኘናቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። አሌክሳንድሪያ ጣቢያው በር ላይ ናቸው።

«ደርሻለሁ» አሉኝ።

ሲመለሱ መጥቼ ልውሰድዎት? አይ። ልምጣ እንጂ? አይ፣ ምን ያለፋሻል። በሞቴ አባባ?

«ዝናብ ከጣለ ነይ።»

በመስኮት ወደ ውጪ አየሁ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ቁልፉን ከመስቀያው አወረድኩ።